በጋሼ ጆሮ የተቃኘ ሞተር

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ሁለት ፍሬን፣ አንድ ራዲያተር። ከሰዓት በኋላ ሥራ አልነበረም። ጋራዡን ጠረግሁ፣ ቁልፎቹን በየመጠናቸው ሰቀልኩ። ጋሼ በሩ ላይ ወንበር አውጥተው የሚያልፈውን መኪና ሁሉ በድምፁ ሲመረምሩ ዋሉ። «ይሄ ካንዴላው አልቋል… ያ ደግሞ ማርሚታው ተቀዷል…» ባለመኪኖቹ አይሰሟቸውም። የሚያወሩት ለእኔ መሆን አለበት። አልመለስኩም።

ማታ ሾርባ። እማማ «ጨው አነሰው እንዴ?» አሉኝ። ቀመስኩ። ይነስ ይብዛ አላወቅሁም። «ደህና ነው» አልኩ።

ልጃቸው፣ ሚስቴ፣ ጥላኝ ከሄደች አራት ወር ሊሞላ ነው። እኔ እዚሁ ከእናትና አባቷ ጋር አለሁ። ከጋራዡ በላይ ያለችው ክፍል ውስጥ ነው የምተኛው፤ ድሮም እዚያው ነበርን። የቁም ሳጥኑ ግማሽ ባዶ ነው። ልብሴን ወደዚያ ማስፋት እችል ነበር… አላደረግሁትም። ናፍቃኝ አይደለም። ምንም አይሰማኝም።

ጥቅምት 6

ረጅሙ ደወለ። ሙያ አብረን የተማርን ጓደኛዬ ነው፤ አሁን ሌላ ከተማ አንድ የአውቶቡስ ድርጅት ጋራዥ ውስጥ ኃላፊ ሆኗል። መካኒክ ይፈልጋሉ። መኖሪያም ይሰጣሉ።

«ወሩ ሳያልቅ ቁርጡን ንገረኝ» አለ። «ሚስትህ ጥላህ ሄዳ አንተ አማቶችህ ቤት ምን ትሠራለህ?»

ምን እሠራለሁ? አማች ልባል ሚስት የለችኝም። ሠራተኛ ልባል ከገበታቸው ነው የምበላው። እንግዳ ልባል ስንት ዓመቴ። ምን ተብዬ ነው እዚህ የምኖረው? «አስብበታለሁ» አልኩት። አላሰብኩበትም። ዘይት ቀየርኩ።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ጋሼ ከአሮጌ ዕቃ ተራ መጡ። በብርድ ልብስ የጠቀለሉት ከባድ ነገር ታክሲ ውስጥ ነበር፤ ተሸክሜ አስገባሁ። ሱፐርቻርጀር ነው። ከተገለበጠ መኪና ላይ የተፈታ። ሞተር በራሱ ትንፋሽ ከሚስበው በላይ አየር በግድ የሚያስገባለት ዕቃ። ከሞተሩ ጋር በላስቲክ ቀበቶ፣ በቺንጋ፣ ይያያዛል፣ ሞተሩ ሲዞር ይዞራል፣ አየር ይገፋል። አየር ሲበዛ ቤንዚን ይበዛል፣ ቤንዚን ሲበዛ ጉልበት።

«የማን መኪና ላይ ሊገጥሙት ነው?»

«ያንተ ላይ ነዋ።»

የእኔና የእሷ መኪና። ነጭ፣ ባለ አራት በር፣ ገበያ ደርሶ ለመመለስ የተሠራ። ሞተሩ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፤ የላይኛው ክዳኑ፣ ቴስታታው፣ ተነስቶ አያውቅም። ዳገት ላይ ያለከልካል። እሷም ትታው ነው የሄደችው።

እማማ ዕቃውን ሲያዩ «አንተ ሰውዬ፣ አሁንስ ለየልህ» አሏቸው። ጋሼ ሳቁ። ከዚያ እኔን አዩኝ። ምን እንድል እንደጠበቁ እንጃ። «እሺ» አልኩ።

ጥቅምት 13

ጀመርን። ዕቃው ለዚህ ሞተር የተሠራ አይደለም። ከሞተሩ ጎን መቀመጫ ይፈልጋል። ቺንጋው የሚጠመጠምባቸው ፑሌጃዎች በአንድ መስመር መሰለፍ አለባቸው፤ ትንሽ ከተዛነፉ ቺንጋው ተበልቶ ያልቃል። ጋሼ ቅርጹን ከካርቶን ቀደው አወጡ፣ እኔ በዚያው ልክ ብረቱን ቆረጥኩ። አልገጠመም። ሌላ ካርቶን ቀደዱ፣ ሌላ ብረት ቆረጥኩ። እሱም አልገጠመም።

«ይሄ ሞተር ድሮውንም አየሩን አጥብቆ ነው የሚጨምቀው» አሉኝ። «እኛ ደግሞ የታጨቀ አየር ልንጨምርለት ነው። ቤንዚኑ ጊዜው ሳይደርስ ሊፈነዳ ይችላል። ያኔ ፒስተኑን ይመታዋል። ስለዚህ የካንዴላውን እሳት ማዘግየት ነው… በልኩ። በጣም ካዘገየኸው ጉልበት የለም። ካፈጠንከው ፒስተን የለም።»

«ልኩ በምን ይታወቃል?»

ጆሯቸውን ነካ አደረጉ።

ሰፈሩ «ጋሽ ጆሮ» ነው የሚላቸው። ሰው መኪናውን አስነስቶ በራቸው ላይ ይቆማል፣ እሳቸው ከወንበራቸው ሳይነሱ በሽታውን ይናገራሉ። እሳቱን የሚያስተካክሉት በመሣሪያ አይደለም። ሞተሩ መምታት እስኪጀምር ያፈጥኑታል፣ ሲጀምር ፀጉር ታህል ይመልሱታል። አለቀ። አንድ ሕግ አላቸው፤ እሳቸው ቃኝተው የዘጉትን ኮፈን ማንም አይከፍትም። እኔም ከፍቼ አላውቅም።

አውራ ጣቴን ብረቱ ቆረጠኝ። ወለሉ ላይ ደም አይቼ ነው ያወቅሁት።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

እሷ ለእማማ ደወለች። እማማ ስልኩን ይዘው ጓዳ ገቡ። ጋሼ ቴሌቪዥኑ ላይ አፈጠጡ። ከሄደች ጀምሮ አንድም ቀን አላናገሯትም። «ልጄ እንዲህ አታደርግም ነበር» ብለው በዚያው ዘጉ።

እማማ ከጓዳ ሲመለሱ «ቀንሰው እንጂ፣ ጎረቤት አስመረርክ» አሏቸው።

«ምኑን? ጭራሽ አይሰማም እኮ።»

እማማ አጠገቤ ተቀመጡ። «ደህና ናት» አሉኝ ቀስ ብለው።

ጥሩ።

ጥቅምት 18

ዛሬም መቀመጫው አልገጠመም። ጋሼ ምንም አልመሰላቸው። «ነገ ደግሞ እንሞክራለን። ማን እያባረረን ነው?» አሉ።

ጥቅምት 22

ተነሳ።

መጀመሪያ አሳለ፣ ከዚያ ረጋ ብሎ ሚኒሞ ያዘ፣ ከዚያ ቤንዚን ስሰጠው ማፏጨት ጀመረ። ቀጭን፣ የማያቋርጥ ፉጨት። ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ መርፌውን ደረቱ ላይ እንደሰካ መጣ። «ምንድን ነው እሱ፣ የስፌት መኪና ገዛችሁ እንዴ? ገበያዬን ልትሻሙኝ ነው?» አለ። ጋሼ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እኔም ጥርሴን አሳየሁ።

እማማ በመስኮት እያዩኝ ነበር።

ጥቅምት 24

ዳገቱ ላይ ቃኘነው። እኔ ነዳሁ፤ ጋሼ ከጎኔ፣ ጆሯቸውን ወደ ዳሽቦርዱ ደፍተው። ሦስተኛ ማርሽ፣ ቤንዚኑ እስከ ወለሉ። መኪናው ወደ ፊት ወረወረን። የእኔ መኪና አልመሰለኝም። «አይዞህ፣ ርገጠው» ይላሉ። ጫፍ ላይ ስንደርስ ወረዱ፣ ኮፈኑን ከፈቱ፣ ዲስትሪቢውተሩን ትንሽ አዞሩ። እሳቱን አፈጠኑት ማለት ነው። ወርደን ከታች ጀመርን። እንደገና አፈጠኑት። እንደገና ከታች። መምታት እስኪጀምር እየጠበቁ ነው።

ከዚያ ሰማሁት። ቆርቆሮ ውስጥ ያለ ጠጠር ሲንቀጫቀጭ። ከፉጨቱ ሥር። እግሬም ላይ ተሰማኝ፣ በቤንዚን መርገጫው በኩል። ጋሼን አየኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ።

«ንጹህ ነው» አሉ። «ገና ቦታ አለው።»

ወርደው ጨመሩለት። እንደገና ወጣን። አሁን ጠጠሩ በዝቷል። አፌን ከፈትኩ መሰለኝ።

«እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ደህና ነው።»

ሁለት ጊዜ አዳመጡና «በቃ፣ ከዚህ አይለፍ» ብለው ኮፈኑን ዘጉ።

ጥቅምት 25

ለምን ዝም አልኩ?

ተሳስቼ ይሆናል… የእሳቸው ጆሮ ነው። አይደለም፣ አልተሳሳትኩም። ፉጨቱ ሸፍኖባቸዋል። ዕድሜም አለ። ለጋሽ ጆሮ «አልሰሙም» ብሎ ፊት ለፊት መናገር እንዴት ይቻላል? ሌላ ምን አላቸው?

ይሉኝታ ያዘኝ ብዬ ልተወው እችላለሁ። ግን እዚህ እንኳ እውነቱን ልጻፍ። ግድም አልሰጠኝም። ቢሰበር ይሰበር።

ጥቅምት 27

ቁርስ ላይ ልናገር ሞከርኩ። «ጋሼ፣ ያ ሞተር…» አልኩ።

«ግሩም ሆነ አይደል?» አሉ ዳቦ እያላመጡ። እንዲህ ደስ ብሏቸው ካየሁ ቆይቻለሁ።

«አዎ» አልኩ።

ጥቅምት 29

ጋሼ ሰፈሩን ሁሉ በመኪናዬ ሲያንሸራሽሩ ሰነበቱ። ልብስ ሰፊውን፣ ዳቦ ጋጋሪውን፣ የዳቦ ጋጋሪውን ሚስት። ሴትዮዋ ጫፍ ላይ ወርዳ በእግሯ ተመለሰች። «እኔና እሱ ነን የሠራነው» ይላሉ ለሁሉም። ትከሻዬን መታ ያደርጉኛል።

ረጅሙ ደወለ። «እመጣለሁ» አልኩት። «በኅዳር አጋማሽ።» ለእነ ጋሼ አልነገርኳቸውም። እንዴት ብዬ እንደምነግራቸውም አላሰብኩም። መኪናውን ይዤ እሄዳለሁ ወይስ ትቼው?

ዛሬም ይመታል። ብሶበታል።

ኅዳር 2

ተሰበረ።

ጋሼ ነበሩ የሚነዱት፣ እኔ ከጎናቸው። ዳገቱ መሐል ላይ ጧ አለ፣ ከዚያ ጉልበቱ ጠፋ፣ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ። የትምህርት ቤት አውቶቡስ እየተከተለን ነበር፤ ለጥቂት ነው ያልገጨን። ሹፌሩ ወርዶ አፉ እንዳመጣለት ሰደበን። ሕፃናቱ በመስኮት ተደርድረው ያዩናል። ጋሼ መሪውን አልለቀቁም። ጣታቸውን አንድ በአንድ አላቅቄ ነው ያወረድኳቸው።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ተሰማኝ። ፍርሃት ይመስለኛል። ወዲያው ተወኝ።

ዳቦ ጋጋሪው በመኪናው ጎትቶ አስገባን።

ኅዳር 3

ቴስታታውን አነሳን፣ ፒስተኖቹን አወጣን። ሦስተኛው ጠርዙ ተሰብሯል፣ የቀለበት ፋሻው መቀመጫ ረግፏል። ካንዴላው ላይ የቀለጠ አሉሚኒየም እንደ አሸዋ ተረጭቷል። የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። ሲመታ ሰንብቶ ነው። ይሄን ለማወቅ ጆሮ አያስፈልግም፣ ዓይን ይበቃል።

ጋሼ ፒስተኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ከጸዳም በኋላ ጠረጉ።

«ሰምተኸው ነበር?»

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከቃኘንበት ቀን።»

«ስጠይቅህ ደህና ነው አልከኝ።»

«አዎ።»

«እሷ ብትሆን ኖሮ ኮፈኑን ጭንቅላቴ ላይ ነበር የምትዘጋው። አንተ ግን ዝም አልክ። ሰው ሁሉ በሰማው ሞተር ሰፈር ለሰፈር ስዞር እያየኸኝ ሰነበትክ።» ጨርቁን ወረወሩት። «አሁን ገባኝ ለምን እንደሄደች።»

ወጡ።

ቴስታታውን አጠብኩ። ንጹህ ሆነ። እንደገና አጠብኩት።

ኅዳር 4

ምንም።

ኅዳር 6

ጋሼ ጋራዥ አልገቡም። ቤት ተቀምጠዋል፣ ቴሌቪዥኑም ጠፍቷል። ሰው ሲመጣ እኔ ነኝ የምቀበለው። «ጋሽ ጆሮ የሉም እንዴ?» «ትንሽ አሟቸው ነው።»

እማማ ሻይ ይዘው ወረዱ። ዘይት የነካው ሳጥን ላይ ተቀመጡ፤ ቀሚሳቸው ቆሸሸ፣ ግድ አልነበራቸውም።

«ያንን ፉጨታም ዕቃ ለምን እንዳመጣው ታውቃለህ?»

«መኪናው ጉልበት እንዲኖረው ብለው።»

«ምን ጉልበት፣ ምን ቅብጥርጥስ። ያ ረጅም ጓደኛህ ሲደውልልህ ደረጃው ላይ ቆመህ ስታወራ ሰምቼ ነገርኩት። ‹እጁ ሥራ ካልያዘ ይሄድብናል› አለ። በማግስቱ ዕቃ ተራ ለዕቃ ተራ ሲዞር ሰነበተ። ደግሞ በሳምንት የሚያልቀውን እንዴት እንደጎተተው አላየህም? መቀመጫውን ስንቴ ነው ያስቆረጠህ?»

ብዙ ጊዜ። ካርቶኑን ሆን ብለው አጣመው እየቀደዱት ኖሯል? እኝህ ሰው? ከሩቅ ሰምተው የላላ ቫልቭ የሚያውቁት?

«እንዲያ ብሎ የተናገረህ ተናዶ ነው» አሉ እማማ። «አጉል ነገር ነው የተናገረው፣ እኔም ነግሬዋለሁ። ግን የተናደደው በፒስተኑ አይደለም። እንግዳ ሆነህበት ነው። የሰው ቤት ያለ ሰው ነው ሁሉን ደህና ነው የሚለው። ሾርባዬንም እንደዚያው ነው የምትጠጣልኝ።»

ሻዩን አንድ ጊዜ ጨለጥኩት። ምላሴን አቃጠለኝ። ማታ ስተኛም ያመኝ ነበር።

ኅዳር 8

ስነሳ አንድ ነገር ደረቴን ይዞኝ ነበር። የታመምኩ መሰለኝ። ካልሲዬን እያጠለቅሁ ነው የገባኝ። ተናድጄ ነው።

ወረድኩና ቤት ገባሁ። ጋሼ ሶፋው ላይ ነበሩ። አልተቀመጥኩም።

«ጆሮዎ ደክሟል» አልኳቸው። «ፉጨት ካለ ከሥሩ ያለውን አይሰሙም። ያን ቀን መናገር ነበረብኝ፣ ፈራሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሕፃናት የጫነ መኪና ሊገጨን ነበር፣ እሱም የእኔ ነው። ግን እሷ የሄደችው በዝምታዬ ነው ካሉኝ፣ የገዛ ልጅዎ ስትደውል ቴሌቪዥን ላይ ማፍጠጥ ምንድን ነው? እሱ ንግግር ነው?»

እማማ ከጓዳ ብቅ አሉ። ተመልሰው ገቡ።

«ጨረስክ?» አሉ ጋሼ።

«አልጨረስኩም። ካርቶኑንም ሆን ብለው ነው አጣመው የቀደዱት። ጣቴን ቆርጦኛል።»

ጣቴን አዩ። ጠባሳው አለ። «ማን ነገረህ?» ወደ ጓዳው ዞሩ። «ይቺ ሴትዮ…»

ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ላይ ጮኬ አላውቅም። እሷ ላይም አልጮኽኩም። ሻንጣዋን ይዛ ስትወርድ በሩን ነው የያዝኩላት፣ እንዳይገፋት ብዬ። አትሂጂ አላልኳትም። ናፍቃኛለች። በጣም ናፍቃኛለች፣ እና አትመለስም።

ከሰዓት በኋላ ጋራዡ ውስጥ የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ።

ኅዳር 12

አልታረቅንም። ግን አብረን እየሠራን ነው። ፒስተን ከአሮጌ ዕቃ ተራ አገኘን፤ ደህና ነው፣ በማጉያ መነጽር አይቼዋለሁ። ከቴስታታው ሥር ወፈር ያለ ማሸጊያ፣ ጋስኬት፣ አስገባን፣ አየሩን በመጠኑ እንዲጨምቅ። ሱፐርቻርጀሩ ላይ ትልቅ ፑሌጃ ቀየርንለት፣ ቀስ ብሎ እንዲዞር። ይሄ የእኔ ሐሳብ ነው። ጋሼ «ጉልበቱን ልትገድለው ነው» አሉ። «የሞተ ጉልበት ከተሰበረ ፒስተን ይሻላል» አልኩ። አጉረመረሙ። ግን ፑሌጃውን ራሳቸው ሄደው አመጡት።

ምሳ ላይ «ምስሩ ጨው በዝቶበታል» አልኩ። እማማ ተቆጡ። «አማረህ አሁን» አሉ። ሲቆጡ ደስ ያላቸው ይመስላሉ።

ኅዳር 14፣ እሑድ

ስልኩ ሲጠራ ጋሼ ከእማማ እጅ ወሰዱት። «ሃሎ» አሉ። ከዚያ ዝም ብለው ብዙ ሰሙ። «እህ… እህ…» መጨረሻ ላይ «አሁን ጉንፋን አልያዘሽም?» አሏት። ሌላ ነገር አላገኙም መሰለኝ። ስልኩን መልሰው አፍንጫቸውን ተናፈጡ።

ለእኔ አልሰጡኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ክፍሌ ገብቼ አዘንኩ። እንዲሁ ቁጭ ብዬ አዘንኩ፣ እስኪመሽ።

ኅዳር 16

ለረጅሙ ደወልኩ። «አልመጣም» አልኩት።

«እብድ ነህ? ቦታ ይዤልሃለሁ እኮ። እዚያ ቤት ምንህ ናቸው?»

ላስረዳው ሞከርኩ፣ አቃተኝ። «ቢያንስ እዚህ እጣላለሁ» አልኩት። ምንም አልገባውም። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ከጋሼ ጋር ግን ገና በቅጡ አልተነጋገርንም። ቢያስወጡኝስ? ቦታውንም ለቅቄያለሁ።

ኅዳር 20

ጠዋት ዳገቱ ላይ ቃኘነው። አሁን የሥራ ድርሻችን ተለውጧል። ጋሼ «አንተ ስማ፣ እኔ አዞራለሁ» አሉ፤ ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ ጥርስ እንደሚነቀልላቸው ሰው ፊታቸውን አኮማተሩ። ወጣን፣ ወረድን። መታ። «ይመታል» አልኩ። መለሱት፣ ግን ትንሽ ብቻ። ወጣን። መታ። ጋራዥ እስክንገባ ድረስ ተጨቃጨቅን፤ ኮፈኑን ከፍተንም አልተውነውም።

«አሁን ንጹህ ነው» አሉ።

«አይደለም። ይመልሱት።»

«ስንት ዓመት ሙሉ ሞተር ስሰማ የኖርኩ ሰውዬ ነኝ…»

«ይመታል አልኩዎ፣ ጋሼ። ሰምቼዋለሁ። ግትር ነዎት፣ በቃ ግትር ሽማግሌ ነዎት።»

ለካ መኪናዋን ለጥገና ትታልን የሄደች የሰፈሩ የጥርስ ሐኪም ልትወስደው መጥታ በሩ ላይ ቆማለች። ደንግጣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛለች። እኔን ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።

«ጋሽ ጆሮ… ይሄ አማችዎ የነበረው አይደለም እንዴ?»

ጋሼ ቀና አላሉም። ዲስትሪቢውተሩን እያዞሩ ነበር፣ ወደኋላ፣ እኔ ባልኩት በኩል።

«የምን አማች?» አሉ። «ልጄ ነው። አማች አፍ አውጥቶ እንዲህ ይሳደባል?»

እኔም ኮፈኑ ሥር ጎንበስ አልኩ። የማጠብቀው ብሎን አልነበረም። ትከሻዬን መቆጣጠር አቃተኝ።

«ምን ሆንክ?» አሉኝ ጋሼ።

«እያለቀስኩ ነው።»

«እያየሁህ ነው» አሉ። «ብቻ ዲስትሪቢውተሩ ላይ እንዳታንጠባጥብብኝ።»